ከውስጥ በኩል ሲታይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አውሮፓ ሴቶች የድሮ የውስጥ ልብስ አንድ ገጽ ብጽፍ ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል መልሳቸው ለሌላውም ይጠቅማል ያልኳቸውን መርጫለሁ። ለአዳዲስ አንባቢዎች ያህል፣ እኔ ለብዙ ዓመታት የቴአትር አልባሳት ስሰፋ የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ በየሙዚየሙ መጋዘን የቆዩ ልብሶችን እየገለበጥኩ የምመረምር ሴት ነኝ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እትዬ፣ የልብስ ታሪክ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በድሮ ሴቶች የውስጥ ልብስ ላይ ልሠራ አስቤ ነበር። መምህሬ ግን መረጃው ሥዕል ብቻ ነው፣ ሥዕል ደግሞ አይታመንም አሉኝ። ርዕሱን ልተወው? ካልተውኩትስ ከየት ልጀምር?»
— ተማሪዋ

ልጄ፣ መምህርሽ ሥዕልን አለማመናቸው ደግ ነው። ሥዕል የተከፈለበት ሥራ ነው። ሠዓሊው ከፋዩን ማስደሰት አለበት፤ የፋሽን መጽሔቱ ሥዕል ልብሱን መሸጥ አለበት፤ የስላቅ ሥዕሉ ማሳቅ አለበት፤ ሦስቱም ወገብ ያቀጥናሉ። ፎቶግራፍ ከመጣ በኋላም ቢሆን ፎቶ አንሺዎች ኔጋቲቩን በእጃቸው እየነካኩ ወገብ ይቀንሱ ነበር። «መረጃው ሥዕል ብቻ ነው» በሚለው ግን አልስማማም። ልብሱ ራሱ አለ። ርዕስሽን አትተዪው፤ ከልብሱ ጀምሪ፣ እሱንም ገልብጠሽ ጀምሪ።

ለመነሻ የሚሆንሽ ከሁሉም ተራ የሆነው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ወይም በፈረንሳይ የምትኖር ሴት ከቆዳዋ ላይ የሚያርፈው ከተልባ እግር ጨርቅ የተሰፋ ልቅ የውስጥ ቀሚስ ነበር። ቀን ትለብሰዋለች፤ ብዙዎቹ ሌሊትም ያድሩበታል። የላይኛው ሐርና ሱፍ እንደ ልብ የሚታጠብ አይደለም። ላቡን የሚጠጣው፣ በአመድ ውኃ የሚዘፈዘፈው፣ የሚደበደበውና ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ይህ ቀሚስ ነው። ስለዚህ የላይ ልብሷ ጥቂት ሆኖ የውስጥ ቀሚሷ በደርዘን ሊቆጠር ይችላል።

አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ብትገለብጪው ቅዱ ከአንገቱ በቀር አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከትከሻው በኩል በሰያፍ ተቀድዶ የወጣው ሦስት ማዕዘን ተገልብጦ ከታች ይገባል፤ ከላይ የተረፈው ከታች ለእርምጃ የሚሆን ስፋት ይሆናል። በብብቱ ሥር አንዲት ትንሽ ካሬ ቁራጭ አለች፤ እጅ ሲነሣ ቀሚሱ አብሮ እንዳይሳብና እንዳይቀደድ የምታደርገው እሷ ናት። የሚጣል ቁራጭ የለም። ጨርቁ ውድ፣ የሰፊዋ ድካም ርካሽ የነበረበት ዘመን መሆኑን ቅዱ ብቻውን ይናገራል። ስፌቱ ጥቃቅን ነው፤ ጥሬው የጨርቅ ጫፍ ሁሉ ታጥፎ፣ ተቀምቅሞ ተቀብሯል። ያንን አስተጣጠብ የሚችል ሌላ አሠራር የለም።

ቀጥለሽ አንዲት ምልክት ፈልጊ። በመስቀለኛ ስፌት፣ ብዙውን ጊዜ በቀይ ክር የተጻፉ ሁለት ፊደላትና አንድ ቁጥር ታገኛለሽ። ፊደላቱ የባለቤቷ ስም መነሻ ናቸው፤ ልብሱ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር ታጥቦ ሲመለስ እንዳይምታታ። ቁጥሩ ከደርዘኑ ስንተኛው እንደሆነ ይነግርሻል፤ በየተራ ከተለበሰ ሁሉም እኩል ያረጃል። እኔ በበኩሌ ከንግሥታት ሐር ይልቅ ይህች ቁጥር ትበልጥብኛለች። ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ሐሳብ በሁለት መዳፍ በምትሸፈን ቦታ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ከዚያ እርጅናውን አንብቢ። ብብቱ ቢጫ ሆኗል? እጅጌው ከሌላ ጨርቅ ተቀይሯል? ኮርሴቱ፣ ማለትም ከቀሚሱ በላይ ደረትና ወገብን አጥብቆ የሚይዘው ልብስ፣ የሚፈገፍግበት ላይ ጨርቁ ሳስቷል? እራፊው በሠለጠነ እጅ ተጣፈ ወይስ በችኮላ? በጎኑ የገባው ተጨማሪ ቁራጭ ሰውነቷ መወፈሩን ነው የሚያሳይሽ ወይስ ልብሱ ወደ ሌላ ሴት መተላለፉን? እያንዳንዱን ለክተሽ፣ ሥለሽ፣ የት ቦታ እንደሆነ ጻፊ። «የሚያምር ነጭ ቀሚስ» ብለሽ የጻፍሽው ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም።

ተጠንቀቂ የምልሽ ግን አለ። በየሙዚየሙ የተረፈው የሁሉም ሴት ልብስ አይደለም። የሠርጉ፣ የሀብታሟ፣ ለማንም አልሆን ብሎ ሣጥን ውስጥ የቀረው ጠባቡ ነው የተረፈው። የሠራተኛዋ ቀሚስ እስኪበጣጠስ ተለብሶ፣ ከዚያ የሕፃን ልብስ ሆኖ፣ ከዚያ መወልወያ ሆኖ፣ በመጨረሻ ለጨርቅ ሰብሳቢ ይሸጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን የተፈጨ እንጨት እስኪተካው ድረስ የአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከእንዲህ ያለ ያረጀ ጨርቅ ነበር። በዚያ ዘመን የሴቶችን አለባበስ የሚያወግዙ ስብከቶች የታተሙት፣ በከፊልም ቢሆን፣ በሴቶች የውስጥ ቀሚስ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ቆሻሻ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሣጥን የተሻለ ይጠብቃል። በ2008 በኦስትሪያ፣ ምሥራቅ ቲሮል ውስጥ በሌንግበርግ ግንብ እድሳት ሲካሄድ ከአንድ ወለል ሥር በመሙያነት የተጣለ ቆሻሻ ተገኘ፤ በውስጡም ከ2,700 በላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ነበረ። የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲዋ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ቤያትሪክስ ኑትስ ስታጠናው አራት ጡት ማስያዣ መሰል ልብሶች ወጡ፤ ሁለቱ ጡቶች ለየብቻ የሚገቡባቸው፣ ከተልባ እግር የተሰፉ፣ የ15ኛው መቶ ዘመን። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ልብስ የዘመናዊው ዓለም ፈጠራ ነው ተብሎ በየመጽሐፉ ይጻፍ ነበር። አንድ የተጣለ ጨርቅ ያን ሁሉ አረመው።

መቃብርም ይጠብቃል። በ1598 ከሞተችው ከጀርመናዊቷ ልዕልት ዶሮቴያ ሳቢና ጋር የተቀበረው የደረት ማጥበቂያ ዛሬ ሙኒክ፣ በባቫሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ለንደን፣ ዌስትሚንስተር ውስጥ ደግሞ በ1603 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት የቀብር ሥርዓት ለተሠራው የእንጨት ምስል የተሰፋ ኮርሴት አለ። ሁለቱን ለማነጻጸር ከፈለግሽ አንድ ነገር አትርሺ፦ የሁለተኛው የተሰፋው ለእንጨት ነው። ስለ ቅዱና ስለ ስፌቱ ብዙ ይነግርሻል፤ ስለ ላብ፣ ስለ መፈግፈግና ስለ መልበስ ምንም አይነግርሽም።

ወደ ሙዚየም መሄድ ካልቻልሽ የጽሑፍ መረጃ አለልሽ። ከ1674 እስከ 1913 ያለው የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ወንጀል ችሎት መዝገብ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። ከገመድ ላይ የተሰረቀ የውስጥ ቀሚስ፣ የተገመተበት ዋጋ፣ ባለቤቷ «የእኔ ነው፣ ምልክቴን አውቀዋለሁ» ብላ የሰጠችው ቃል ሁሉ እዚያ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን አንድ ምዕራፍ እዚያ ታገኚዋለሽ። መምህርሽን ሰላም በዪልኝ።

«ይህ ርዕስ ለተከበረ መጽሔት ይመጥናል? ስለ ሴት የውስጥ ልብስ በአደባባይ መጻፍ ነውር አይደለም ወይ?»
— ቅር የተሰኘ አንባቢ

ወንድሜ፣ ቅሬታዎን ተቀብያለሁ፤ ሐሳቤን ግን አላስቀየረኝም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የሚነሡ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች እስከ አርክቲክ በረዶ ድረስ ይሄዱ ነበር። የመብራቱ የዓሣ ነባሪ ዘይት በነዳጅ ዘይት ከተተካ በኋላ አደኑን አዋጭ አድርጎ ያቆየው በአብዛኛው ለኮርሴት የሚሆነው ከእንስሳው አፍ የሚወጣው ስስ ሰሌዳ ነው። በየመርከቡ ሥራ ፈትተው ወራት የሚገፉ መርከበኞች ለእጮኞቻቸው የሚልኩት ስጦታም ከዚሁ ነበር፤ በኮርሴት ፊት ለፊት መካከል የሚሰካውን፣ ልብሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ረጅም ማጽኛ በልብ፣ በመርከብና በአበባ ቅርጽ እየቀረጹ ይልኩ ነበር። በእንግሊዟ ማርኬት ሃርቦሮ ከተማ ደግሞ የሲሚንግተን ፋብሪካ የሚያመርተው ኮርሴት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበር። የባሕር ንግድ፣ የፋብሪካ ሥራ፣ የአረብ ብረት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሐኪሞች ክርክር፣ ሁሉም በዚህ ልብስ ውስጥ ያልፋሉ። ስለ ንጉሥ ጎራዴ ሲጻፍ ነውር ያላለ ሰው ስለዚህ ቢታገሠኝ ምን ይጎዳዋል?

«በ18ኛው መቶ ዘመን አሠራር ኮርሴት በእጄ ልሰፋ ወስኛለሁ። የዓሣ ነባሪ አጥንት የሚባለውን በምን ልተካ? ሥራው የሚከብደውስ የት ላይ ነው?»
— መርፌ አልጥልም

ጎበዝ! እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ቀኔ ይቀናል።

ያ ነገር አጥንት አይደለም። ጥርስ የሌላቸው ዓሣ ነባሪዎች ከላይኛው መንጋጋቸው የሚንጠለጠልና ምግባቸውን ከባሕር ውኃ የሚያጣሩበት ሰሌዳ ነው፤ የተሠራውም ጥፍርና ጠጉር ከሚሠሩበት ከኬራቲን ነው። ለኮርሴት ሰፊዎች ተወዳጅ ያደረገው ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ በቁመቱ በቢላዋ ሲሰነጠቅ እንደተፈለገው ይቀጥናል፤ ቀጥኖም አይሰበርም። ሁለተኛ፣ ሲሞቅ ይለዝባል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በሰውነት ሙቀት ለረጅም ጊዜ የተለበሰ ኮርሴት የባለቤቷን ገላ ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ነው። የሌላ ሰው ኮርሴት መዋስ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ እውነተኛውን አትፈልጊ፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው፣ ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው። ጀርመን አገር የሚመረት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ፕላስቲክ አለ፤ በመቀስ ይቆረጣል፣ በሙቀት ይታጠፋል፣ ጠባዩም ለእውነተኛው የቀረበ ነው። እሱ ካልተገኘ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት ሰፊው የፕላስቲክ ማሰሪያ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ያገለግላል። የአረብ ብረት ግን ለዚህ ዘመን ልብስ አታስገቢ። እሱ የሚቀጥለው መቶ ዘመን ነው፤ ገላን ሰምቶም አይለዝብም።

አሠራሩን ልንገርሽ። መጀመሪያ በርካሽ ጨርቅ ሰፍተሽ በገላሽ ላይ ልኪው፤ ሳትለኪ ደህናውን ጨርቅ እንዳትነኪ። ከዚያ ሁለት ድርብ ጠንካራ የተልባ እግር ጨርቅ ትወስጃለሽ፤ በዘመኑ አንዱን በሙጫ ያደርቁት ነበር። የላይኛው የሚታየው ጨርቅ ሱፍ፣ ሐር ወይም ያው የተልባ እግር ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ማጽኛዎቹ፣ ማለትም ልብሱን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ የሚገቡባቸውን ጠባብ መስመሮች በማስመሪያ ታሰምሪያለሽ፤ መስመሩንም መርፌውን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለስሽ ትሰፊዋለሽ። ሙሉ በሙሉ በማጽኛ የተሞላ ኮርሴት ላይ እነዚህ መስመሮች ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጡም፣ ተጠጋግተውም ደረቱን ሁሉ ይሸፍናሉ። የሚከብደው የት ነው ላልሽኝ እዚህ ነው፤ የሚከብደውም በእጅ እንጂ በጭንቅላት አይደለም። መርፌው በድርብ ደረቅ ጨርቅ አልፎ ሲወጣ የጣትሽን ጫፍ ይበሳል፤ የብረት የጣት መከላከያ ሳታደርጊ አትቀመጪ። መስመሩ ከጠበበ ማጽኛው አይገባም፣ ከሰፋ ውስጡ ይዞራል። ስለዚህ ማጽኛሽን አስቀድመሽ አዘጋጂና አንድ መስመር በሰፋሽ ቁጥር እያስገባሽ ሞክሪ።

ቁርጥራጮቹን ማገጣጠም ሌላ ጥበብ ነው። ዛሬ እንደለመድነው ፊትና ፊት ገጥሞ መስፋት አይሆንም፤ ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ጉብታ ይሠራል። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ለብቻው ታጥፎ ያልቃል፤ ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ጎን ለጎን ተቀምጠው በወፍራም የተልባ እግር ክር ይጠለፋሉ። ስፌቱ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ አያበጥም። የተረፉ ልብሶችን ገልብጠሽ ስታዪ ይህ ጥልፊያ ሻካራና ግልጽ ነው፤ ማንም ሊያሳምረው አልሞከረም፤ ጥንካሬው ግን ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።

ለማሰሪያው ቀዳዳ መቀስ አትጠቀሚ። በወስፌ የጨርቁን ክሮች ሳትቆርጪ ገፋ ገፋ እያደረግሽ ክፈቺ፤ ዙሪያውን በክር ጠምጥሚ። ያልተቆረጠ ክር ቀዳዳውን እንዳይተረተር ይጠብቀዋል። የብረት ቀለበት የመጣው በ1820ዎቹ ነው። ማሰሪያው አንድ ገመድ ብቻ ሆኖ ከታች ተቋጥሮ ይጀምርና እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የግራና የቀኙ ቀዳዳ ትይዩ መሆን የለበትም፣ አንዱ ከሌላው ግማሽ እርምጃ ከፍ ማለት አለበት። ከወገብ በታች ያሉትን ምላሶች አትርሺ፤ በዳሌ ላይ ተከፍተው ተቀምጠው የቀሚሶቹን ክብደት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ገበሩ መጨረሻ ላይ በላላ ስፌት ይገባል። በየቁርጥራጩ ቢቀጣጠልም ግድ የለም፤ በዘመኑም እንዲሁ ነበር፣ ሲቆሽሽ ተፈትቶ እንዲቀየር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ18ኛው መቶ ዘመን ይህ ሥራ በአብዛኛው የወንዶች ነበር። በፈረንሳይ ሴት ሰፊዎች በ1675 የራሳቸውን ማኅበር ሲያገኙ እንኳ ማጽኛ ያለበት ልብስ በወንዶቹ እጅ ቀርቷል። ምክንያቱ የእጅ ጉልበት ነው ይባላል። ጨርሰሽ ስትለብሺው ጉልበቱ የማን እንደሆነ ጻፊልኝ።

«ባለቤቴና እኔ ተከራክረናል። እሷ የድሮ ሴቶች ወገብ 40 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ለዚያም ብለው ጎድናቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ነበር፣ በየደቂቃውም ራሳቸውን ይስቱ ነበር ትላለች። እኔ አላምንም። ዳኝነቱን ለእርስዎ ሰጥተናል።»
— ተከራካሪው ባል

በጎድኑ እርስዎ ይረታሉ። በዚያ ዘመን ሴቶች ለወገብ ብለው ጎድን ማስወጣታቸውን የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ የታየው በ1846 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀዶ ሕክምና በቁስል መመረዝ ሰው የሚገድል ነገር ነበር። ሳይቸግራት ማን ትገባበታለች?

በወገቡም ቁጥሩ ከእርስዎ ጋር ነው። በእንግሊዝ፣ በሌስተርሻየር በሚገኘው የሲሚንግተን ስብስብ 197 ኮርሴቶች ሲለኩ ወገቡ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው አንድ ብቻ ነው። 19 ኢንች የሆኑት 11 ናቸው። አብዛኞቹ ከ20 እስከ 26 ኢንች፣ ማለትም ከ51 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ይህም ልኬት የልብሱ እንጂ የሴቲቱ አይደለም። የ19ኛው መቶ ዘመን ኮርሴት ከኋላ ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም፣ ጥቂት ጣት ክፍተት ተትቶ ሊታሰር ይችላል። ያንን ክፍተት ሳይደምር ልብሱን ብቻ ለክቶ «ወገቧ ይህን ያህል ነበር» የሚል ሰው የልብስ ታሪክ አልጀመረም። ላይ በጥጥ የተሞላ ደረት፣ ታች የተነፋ ቀሚስ ሲታከልበት ደግሞ ማንኛውም ወገብ ቀጭን ይመስላል። ዘመኑ የተካነው በማጥበብ ሳይሆን በዚህ የዓይን ማታለል ነው።

በፊልም የምናያት፣ የአልጋ እግር ይዛ ስትቃትት አገልጋይዋ ከኋላ በጉልበቷ ተደግፋ የምትጎትትላት ሴት ደግሞ ታሳቀኛለች። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተለመደው ኮርሴት ከፊት ለፊት በብረት መቆለፊያ ይከፈታል። ሴቲቱ የኋላውን ማሰሪያ ታላላለች፣ ከፊት ትቆልፋለች፣ ከዚያ ወገቧ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት የገመድ ቀለበቶች በሁለት እጇ ወደ ጎን ስባ ራሷ ታስራለች። ሠራተኛዋም፣ ልብስ አጣቢዋም ኮርሴት ለብሳ ሥራዋን ስትሠራ ትውል ነበር፤ ለሁሉም አገልጋይ ከየት ይመጣል?

አሁን ለባለቤትዎ ልፍረድ። ልብሱ ጉዳት የለውም ብለው ከሆነ እርስዎ ተረትተዋል። ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ዘመሪንግ በ1788 አጥብቆ የታሰረ ኮርሴትን የሚቃወም ጽሑፍ አውጥቷል፤ በ1908 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ኦፎሎዌል በኤክስሬይ ጎድን ሲታጠፍ አሳይቷል። አጥብቀው የሚያስሩ ሴቶች በእርግጥ ነበሩ፤ ብዙኃኑ ግን አልነበሩም። በ1881 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የአለባበስ ማሻሻያ ማኅበር ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ ከወገብ ይልቅ የክብደት ነበር፦ የአንዲት ሴት የውስጥ ልብስ በጠቅላላ ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ካለ ክብደት እንዳይበልጥ ነው የጠየቁት። ይህ ትልቁ ልከኛ የሚባለው ከሆነ ልከኛ ያልሆነው ምን ያህል ሊመዝን እንደሚችል አስቡት። ባለቤትዎ ማዘናቸው ልክ ነው፤ ያዘኑበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

«ሙታንታስ ይለብሱ ነበር?»
— አፍሬ የማልጠይቅ

በአብዛኛው አይለብሱም ነበር። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሴቶች የውስጥ ሱሪን የለመዱት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ቀስ በቀስ ነው። እሱም ሁለት እግሮች ወገብ ላይ ብቻ የተያያዙ፣ መካከሉ ያልተሰፋ ነበር። ይህ ለዛሬ ሰው አስገራሚ ነው፤ ነገር ግን ያስቡት፦ ከሱሪው ወገብ በላይ ኮርሴት ታስሯል፣ ከኮርሴቱ በላይ ብዙ ጉርድ ቀሚስ ታስሯል። በችግር ሰዓት ያን ሁሉ ፈትቶ ሱሪ ማውረድ አይቻልም። መካከሉ የተዘጋው እየቆየ፣ የላይኛው ልብስ እየቀለለ ሲመጣ ነው።

«ልጄ በቴአትር የ1860ዎቹን ሴት ልትጫወት ኮርሴትና ክሪኖሊን (ቀሚሱን ከሥር ነፍቶ የሚይዘው ባለ ቀለበት ልብስ) ተሰጥቷታል። ልምምዱ ገና ሳይጀመር ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ሆዴን ያመኛል ትለኛለች። ላስቁማት ወይ?»
— የሚያሳስባት እናት

እህቴ፣ ከማስቆምሽ በፊት አለባበሷን እይ። ዘጠና በመቶው ችግር ከዚያ ነው ብል ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ከልምድ የመጣ ግምት ነው።

ከሥሩ ምን ለብሳለች? በባዶ ገላ ወይም በናይለን ሸሚዝ ላይ ከሆነ ይፈገፍጋታል፤ ከጥጥ ወይም ከተልባ እግር የተሰፋ ልቅ የውስጥ ቀሚስ ያስፈልጋታል፣ ቀሚሱም ኮርሴቱ ሥር ሳይታጠፍ ወደ ታች ተስቦ ይስተካከል። ኮርሴቱ ለእሷ ተለክቷል ወይስ ከመጋዘን ነው የወጣው? ወገቡ ልክ ሆኖ የጎድኑና የዳሌው ቦታ የጠበበ ከሆነ ምንም ቢላላ ያምማል፤ ይቀየርላት። መጀመሪያ ቀን አጥብቀው እንዳያስሩባት። ላላ አድርጋ ለብሳ ትራመድ፣ ትቀመጥ፣ ድምፅዋን ታውጣ፤ በየልምምዱ ጥቂት ጥቂት ይጨመር። ትንፋሹ ከሆድ ወደ ደረት ይወጣል፤ ይህን አዘጋጁ ሊያውቅ ይገባል፣ ረጅሙን ንግግር በአንድ ትንፋሽ እንድትል ሊያስገድዳት አይችልም። ጫማዋን ከኮርሴቱ በፊት ታጥልቅ፤ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማሰር አይመችም። ከመልበሷ በፊት ቀለል ያለ ነገር ትብላ። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ይፈታላት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ክሪኖሊኑን አትፍሪው። በ1856 የአረብ ብረት ቀለበት ያለው ክሪኖሊን ሲመጣ ሴቶች በፍጥነት የተቀበሉት ስለቀለላቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ያንን ስፋት ለማምጣት ጉርድ ቀሚስ በጉርድ ቀሚስ ላይ ይደርቡ ነበር። ስትቀመጥ የኋላውን ቀለበት በእጇ ጥቂት ከፍ አድርጋ ትቀመጥ፤ ካልሆነ የፊቱ ወደ ላይ ይነሣና ተመልካቹ ያላሰበውን ያያል። ከሻማና ከማንኛውም የእሳት ነበልባል ግን አርቁልኝ። የቀሚሱ ጫፍ የት እንደደረሰ ለባሿ አይታወቃትም፣ ውስጡም አየር የሞላበት ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ሴቶች ብዙ ናቸው።

«ከአሮጌ ሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ያለፈው የሚመስል ኮርሴት አገኘሁ። የዛገ ነጠብጣብና የላብ ምልክት አለው። በምን ልጠበው?»
— ሣጥን ከፋቹ

አይጠቡት! ውኃ ዝገቱን ያሰፋዋል፣ በውስጡ ያለውን ብረት ይበልጥ ያዝገዋል፣ ጨርቁንም ሊበላው ይችላል። የላብ ምልክቱም እንከን አይደለም፤ ልብሱ መለበሱን የሚመሰክር እሱ ነው። ማንም እንዲለካው አይፍቀዱ፤ ያረጀ ክር ከሕያው ገላ ጋር አይታገልም። ማሰሪያው እንደተገኘ ይሁን፣ ቋጠሮው አይፈታ፤ ምን ያህል ክፍተት ተትቶ ይታሰር እንደነበር የሚነግረን እሱ ሊሆን ይችላል። አሲድ በሌለው ወረቀት ሳይታጠፍ ጠቅልለው ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ባለ ጠፍጣፋ ሣጥን ያስቀምጡት።

ማጽኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ማግኔት በቀጭን ወረቀት ላይ ቀስ አድርገው ያስጠጉበት፤ ከሳበ ብረት ነው። ከዚያ ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ማስመሪያም አብሮ ይታይ።